ኤምአይኤስ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፦ መጀመሪያ የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲው ነው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ዌርሃውስ ማታ እሠራለሁ። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ (ኤምአይኤስ) ልማር አስቤ ነበር። አንዱ ‹እሱ ሥራ የለውም፣ ሳይበር ሴኩሪቲ ተማሪ› ይለኛል። ሌላዋ ‹ኮሌጅ ምን ያደርግልሻል፣ ጥቂት ወር ኪውኤ (የሶፍትዌር ፍተሻ) ተምረሽ ሥራ ያዢ› ትለኛለች። ሒሳብ ደግሞ እፈራለሁ። ያዋጣኛል? ከየት ልጀምር? ላፕቶፕስ ምን ዓይነት ልግዛ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩ መልስ «ያዋጣሻል» ነው። የሚያዋጣሽ ግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን የአራት ዓመት ዲግሪ የመጀመሪያ ግማሽ አድርገሽ ከያዝሽው ነው። እዚያው ጨርሼ ሥራ እገባለሁ ካልሽ ሒሳቡ ሌላ ነው። እኔ ሲስተምስ አናሊስት ነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ዳታቤዝ አስተምራለሁ። ሥራ ውለው ወይም አድረው ክፍል የሚመጡ እንዳንቺ ያሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ጎበዞች ናቸው። የሚጎዳቸው ትምህርቱ አይደለም፣ የኮርስ ምርጫው ነው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንግባባ። አንቺ ከብዙ ተማሪ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ዌርሃውሱ ውስጥ ስካነሩ «እዚህ ቢን (የመደርደሪያ ቦታ) ላይ 14 ካርቶን አለ» ይልሻል። ሄደሽ ስትቆጥሪ 11 ነው። ሱፐርቫይዘሩ «ሰው ሰርቆ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም መንገድ አለ። ሪሲቪንግ (ዕቃ መረከቢያ) ላይ ያለው ልጅ ፓሌቱ ከመኪናው ሳይወርድ «ገብቷል» ብሎ ስካን አድርጎት ይሆናል። ወይም ደንበኛ የመለሰው ዕቃ ሲስተሙ ላይ ተመዝግቦ መደርደሪያው ላይ ገና አልወጣም። ወይም ፒከሩ፣ ማለትም ለትዕዛዝ ዕቃ የሚያነሣው ሠራተኛ፣ ካርቶኑን እንዳለ አነሣው፣ ሲስተሙ ግን የቀነሰው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። አራቱም ስካነሩ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ 14 ይላል፣ 11 አለ። መፍትሔያቸው ግን ፍጹም ይለያያል። ለአንዱ ካሜራ ነው። ለአንዱ የስካን ቅደም ተከተል መቀየር ነው። ለሌላው ሲስተሙ ውስጥ የዕቃው መለኪያ እንዴት እንደተሞላ ማየት ነው።

የኤምአይኤስ ሥራ ይኸው ነው። ሥራው በተሠራበትና በተመዘገበበት መካከል የት ጋ እንደተለያየ ማግኘት፣ ከዚያ ወይ ሲስተሙን ወይ አሠራሩን ማስተካከል። ኮምፒውተር ሳይንስ ሲስተሙን ከውስጥ ይገነባል። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ድርጅቱን ይመራል። ኤምአይኤስ መሐል ቆሞ የሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል። ሳይክል ካውንት (በየጊዜው የሚደረገውን የዕቃ ቆጠራ) ስታደርጊ «ለምንድነው ሁልጊዜ እዚህ ረድፍ ላይ የሚጎድለው?» ብለሽ አስበሽ ካወቅሽ ጠባዩ አለሽ ማለት ነው። አስበሽ የማታውቂ ከሆነ፣ ነገ ማታ ሥራ ስትገቢ እስኪ አስቢበት። ካልሳበሽ ገንዘብሽን አታውጪ፤ በግልጽ ልንገርሽ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ዲግሪ፣ አሶሼት ዲግሪ፣ ሁሉም አንድ አይደለም። አሶሼት ኦፍ አርትስና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ የሚባሉ አሉ፣ በአጭሩ ኤኤ እና ኤኤስ። እነዚህ የተሠሩት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ነው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የሚባልም አለ፣ ኤኤኤስ። እሱ የተሠራው በዋናነት ቀጥታ ሥራ ለመግባት ነው። ሁሉም 60 ክሬዲት አካባቢ ናቸው፣ ክፍያቸውም ያው ነው። ችግሩ ብሮሸሩ ላይ ኤኤኤሱ ይበልጥ ያምራል። ስሙ ውስጥ «ኢንፎርሜሽን» የሚል ቃል ይኖረዋል፣ ኔትወርክ፣ ዳታቤዝና ሴኩሪቲ በዝርዝር ተደርድረውበታል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስሽ ደግሞ «ቢዝነስ፣ ኤኤ» ብቻ ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ኤምአይኤስ የሚል ስም ኮሌጅሽ ውስጥ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል። ሰው ስሙን አይቶ ኤኤኤሱን ይመርጣል። ሁለትና ሦስት ዓመት ለፍቶ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ከወሰደው ብዙው «ኢሌክቲቭ»፣ ማለትም የምርጫ ኮርስ፣ ተብሎ ይመዘገብለታል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። «ክሬዲቴን ተቀበሉኝ» ማለት «ለሜጀሬ (ለዋናው የትምህርት ዘርፌ) ቆጠሩልኝ» ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው 60 ክሬዲትሽን በሙሉ ሊቀበል ይችላል። ግን 25ቱን ኢሌክቲቭ ብሎ ካስቀመጠውና ዲግሪው የሚፈልገው ኢሌክቲቭ 10 ከሆነ፣ 15 ክሬዲት ወረቀት ላይ አለሽ፣ ጥቅም የለውም። አምስት ኮርስ ማለት ነው። ለሠራተኛ እናት አምስት ኮርስ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀምሪ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውን ምረጪ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ውስጥ ምን እንደምትወስጂ ወስኚ። ሜሪላንድ ስላለሽ ምሳሌው ቅርብ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ከተማ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን የሚያስተምረው በስሚዝ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ስሚዝ ቦታው ውስን ነው። ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ቀድመሽ ጨርሰሽ፣ በጥሩ ውጤት እንድትመጪ ይፈልጋል። ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩኤምቢሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) ደግሞ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ያስቀመጠው ኢንጂነሪንግና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ሥር ነው። ከጎኑ ቢዝነስ ቴክኖሎጂ አድሚኒስትሬሽን የሚባል ሌላ ዲግሪም አለው። ቶውሰን ዩኒቨርሲቲም የራሱ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ዲግሪ አለው። ትምህርቱ በጥቅሉ አንድ ዘር ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይዘሽ እንድትመጪ የሚፈልጉት ኮርስ ግን ይለያያል። አንዱ የሚፈልገው የካልኩለስ ዓይነት ለሌላው ላይበቃ ይችላል። ፕሮግራሚንግ ላይም እንዲሁ ነው። ኮሌጅሽ ፓይተን ያስተምራል፣ ዩኒቨርሲቲው ጃቫ ይፈልጋል፣ ከዚያ እንደገና ትወስጂያለሽ።

ኮሌጁ ውስጥ አማካሪ ጋ ስትገቢ «ኤምአይኤስ መማር እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲያ ካልሽ የሚሰጡሽ የራሳቸውን ፕሮግራም ዝርዝር ነው። «ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደዚህ ሜጀር መዛወር እፈልጋለሁ፤ የአርቲኩሌሽን ስምምነቱን ያሳዩኝ» በይ። ስምምነቱ የትኛው የኮሌጅሽ ኮርስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የትኛውን እንደሚተካ በኮርስ ቁጥር የሚያሳይ ወረቀት ነው። ከላይ የየትኛው ዓመት ካታሎግ እንደሆነ ተጽፎበታል። ዓመቱን እዪ፣ ያረጀ ወረቀት የሚሰጥም አለ። ከቢሮ ስትወጪ ለአማካሪው አጭር ኢሜይል ላኪ፤ «ዛሬ የተነጋገርነው ይህንና ይህን እንድወስድ ነው፣ በትክክል ገብቶኛል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ በጽሑፍ ይኑርሽ። አማካሪ ይቀየራል፣ ኢሜይል ይቀራል። ወደ ዩኒቨርሲቲው የትራንስፈር ቢሮም ቀጥታ መጻፍ ትችያለሽ። ተማሪያቸው እስክትሆኚ መጠበቅ የለብሽም፣ ይመልሱልሻል። በሜሪላንድ በ2021 በወጣ ሕግ ደግሞ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሬዲትሽን አልቀበልም ካለ ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ዝም ብለው «አይቆጠርም» ካሉሽ ምክንያቱን ጠይቂ።

ይህን የሚያነቡ ሌላ ስቴት ያሉ ካሉ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህ ሁሉ አሲስት በሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ መንገድ አላቸው። ገና ኖቫ ውስጥ እያላችሁ የምትገቡበት ነው።

ወደ ገንዘቡ። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፣ መሙላት ትችያለሽ። ፋፍሳ ነፃ ነው። «እኔ ልሙላልሽ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ አመስግነሽ እለፊው፣ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በነፃ ያግዝሻል። 24 ዓመት ስላለፈሽ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ከሁሉ በላይ የምትፈልጊው ፔል ግራንትን ነው፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። የሚደርስሽ እንደ ገቢሽና እንደምትወስጂው ክሬዲት ነው። በሴሚስተር 12 ክሬዲት ከወሰድሽ የተፈቀደልሽን ሙሉውን፣ 9 ከወሰድሽ 75 በመቶውን፣ 6 ከወሰድሽ ግማሹን ታገኛለሽ። በካውንቲሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነዋሪ ክፍያ ላይ ይህ ገንዘብ ሩቅ ያስኬዳል። ሜሪላንድ ውስጥ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ ነዋሪና ከስቴቱ ውጭ የመጣ የተለያየ ዋጋ ነው የሚከፍሉት። የመኖሪያ ማስረጃሽን ከመመዝገብሽ በፊት አስተካክዪ።

ስለ ፔል ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ዕድሜ ልክ የተመደበልሽ 12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ነው። በማይቆጠር ኮርስ የበላሽው ለዩኒቨርሲቲው አይተርፍሽም። ሁለተኛ፣ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ክፍል ጥለሽ ከወጣሽ ከገንዘቡ የተወሰነው ይመለስ ይባላል። ልጅ ታመመች፣ ሺፍት ተቀየረ፣ ሰው ዝም ብሎ መምጣት ያቆማል። ከወራት በኋላ የዕዳ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ዕዳው እስኪከፈል መመዝገብም ይከለክለዋል። መቀጠል ካልቻልሽ ከመጥፋትሽ በፊት ቢሮው ሄደሽ ቀኑን ጠይቂ። አንዳንዴ አንድ ሳምንት መታገስ ብቻ ልዩነት አለው።

አገር ቤት በዲግሪ የተመረቃችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም፣ በመደበኛው ፔል አያገኝም። ፋፍሳው ላይ «የለኝም» ብሎ መሙላት መፍትሔ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ዲግሪውን አስገምግሞ ለማስተርስ ማመልከት ብዙ ጊዜ ይሻላል። የሚጎድሉትን ጥቂት ኮርሶች ብቻ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይወስዳል። አንቺ ዲፕሎማ ስለሆነሽ ይህ አይመለከትሽም።

ዲፕሎማሽን ግን ምን እናድርገው? ዌስን በመሳሰሉ ድርጅቶች ኮርስ በኮርስ ማስገምገም ይቻላል። ገንዘብ ያስወጣል፣ ሰነዱም ከትምህርት ቤትሽ ቀጥታ መላክ አለበት፣ ያ በራሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ክሬዲት ቢያስገኝልሽ እሰየው፣ ብዙ ግን አትጠብቂ። እኔ የምመርጥልሽ ሌላ መንገድ ነው። ክሌፕ የሚባል ፈተና አለ። ኮሌጅ ቦርድ ነው የሚያዘጋጀው፣ ካለፍሽ ኮርሱን ሳትቀመጪ ክሬዲቱን ታገኛለሽ። ፋይናንሻል አካውንቲንግ አለው። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስም አለው። ዴቢትና ክሬዲት እጅሽ ላይ ነው፣ የሚጎድልሽ የእንግሊዝኛ ስሞቹ ናቸው። እነሱን ከልሰሽ መፈተን ትችያለሽ። ግን ከመፈተንሽ በፊት የመረጥሽው ዩኒቨርሲቲ ለሜጀሩ ይቀበለው እንደሆነ ጠይቂ። ኮሌጁ ተቀብሎት ዩኒቨርሲቲው ካልተቀበለው ያው ቅድም ያልኩሽ ነገር ነው።

ሒሳብ። ፍርሃትሽን አላቃልልም። ግን የኤምአይኤስ ሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ሒሳብ ይለያያሉ። ኮምፒውተር ሳይንስ ካልኩለስ አንድና ሁለት፣ ዲስክሪት ማቲማቲክስ ይላል። ኤምአይኤስ በአብዛኛው የሚጠይቅሽ አንድ የቢዝነስ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ነው። ካልኩለሱን አልፈሽው ልትረሺው ትችያለሽ፣ ማንም አይጠይቅሽም። ስታቲስቲክሱን ግን ሥራ ላይ በየቀኑ ትጠቀሚበታለሽ። የምትፈሪው ነገር ያለው እነሱ ጋ አይመስለኝም፣ መግቢያው ላይ ነው። የፕሌስመንት ፈተናውን፣ ኮሌጅ ስትገቢ ከየትኛው ኮርስ እንደምትጀምሪ የሚወስነውን፣ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። «ደረጃዬን ነው የሚለካው፣ ምን አጠናለሁ» ብሎ፣ ሺፍት ወጥቶ ሳይተኛ ይፈተናል። ዝቅ ካለ ለዲግሪው የማይቆጠሩ የማጠናከሪያ ኮርሶች ይመደብለታል። ይከፈልባቸዋል፣ ጊዜም ይበላሉ። ጥቂት ሳምንት ካን አካዳሚ በሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ አልጄብራ ከልሰሽ ግቢ። ክፍልፋይ፣ ኤክስፖነንት፣ የቀጥታ መስመር እኩልታ። ከዚህ የበለጠ ትርፍ ያለው ጥናት በመላው ትምህርትሽ አታገኚም። ከገባሽ በኋላ ደግሞ ሒሳቡን ወደ መጨረሻ አትግፊው። ኢኮኖሚክሱም ስታቲስቲክሱም የሚከፈቱት በእሱ ነው። እንግሊዝኛ ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ አልደግመውም።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ከኮርሶቹ ሁሉ ሁለቱን በደንብ ያዢ፤ ዳታቤዝና ሲስተምስ አናሊስስ። ሌላው ይረሳል። ዳታቤዝ ውስጥ ምን እንደምትማሪ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ።

አንድ ትዕዛዝ አለ እንበል። ደንበኛው ሁለት ዕቃ አዟል፣ አንዱ 120 ዶላር፣ አንዱ 80 ዶላር። ድምሩ 200 ነው። የከፈለው በሁለት ጊዜ ነው፣ መቶ መቶ ዶላር። ዕቃዎቹ በአንድ ሰንጠረዥ፣ ክፍያዎቹ በሌላ ሰንጠረዥ ተመዝግበዋል። ሁለቱም ላይ የትዕዛዝ ቁጥሩ አለ። አዲስ ተማሪ ሁለቱን ሰንጠረዦች በትዕዛዝ ቁጥሩ ጆይን ያደርጋቸውና (ያገናኛቸውና) ድምር ያወጣል። ሲስተሙ እያንዳንዱን ዕቃ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ያጋባል። ሁለት ዕቃ በሁለት ክፍያ፣ አራት ረድፍ። የዕቃው ድምር 400 ይሆናል። የክፍያው ድምርም 400 ይሆናል። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ መስመር የለም። ከዚህም የባሰው ሽያጩና ክፍያው እኩል ነው! ሪፖርቱ «ባላንስ አድርጓል»። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ደስ ይለዋል። ውሸት ነው።

ይህን ማን ይይዘዋል? ከኮድ አዋቂው ይልቅ አካውንቲንግ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይይዘዋል። «ቆይ፣ ይህ ደንበኛ 400 ዶላር ከየት አመጣ?» የሚለው እሱ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ስሰጥ ቀድመው እጅ የሚያወጡት የሱቅ ሒሳብ ይዘው የሚያውቁት ናቸው። አንቺ ዲፕሎማዬ እዚህ አገር ዋጋ የለውም ብለሽ ይሆናል። ወረቀቱ ላይኖረው ይችላል፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው ግን አለው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮዱን ይጽፈው የለ ወይ የሚሉኝ ተማሪዎችም አሉ። ይጽፈዋል። ይህንኑ 400 ጽፎ በጥሩ እንግሊዝኛ ሊያብራራልሽም ይችላል። ቁጥሩን አይቶ የሚጠራጠር ሰው ግን ያስፈልጋል።

ጓደኞችሽ ስላሉሽ ነገር። ሳይበር መጥፎ አይደለም። ግን ጀማሪ ሆኖ በቀጥታ ሳይበር መግባት ሲነገር እንደሚሰማው አይደለም። ብዙው ሰው መጀመሪያ ሄልፕ ዴስክ ወይም ኔትወርክ ላይ ይሠራል። እናንተ አካባቢ ደግሞ ከዚህ ሥራ ብዙው የፌዴራል መንግሥትና የኮንትራክተሮች ነው። ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት የደህንነት ፈቃድ፣ ይጠይቃል፣ ክሊራንስ ደግሞ ዜግነት ይፈልጋል። አንቺ ግሪን ካርድ ከያዝሽ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ ለዜግነት በመደበኛው አምስት ዓመት ያስፈልጋል። ባችለርሽን ስትጨርሺ ዜግነቱም ደርሶ ይሆናል። ያኔ በኤምአይኤስ ዲግሪሽ ላይ ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የሳይበር ሴኩሪቲ የምስክር ወረቀት ጨምረሽ በዚያም በር መሞከር ትችያለሽ። አሁን መወሰን የለብሽም።

ኪውኤውን በተመለከተ፣ ተምረው ሥራ የያዙ አሉ፣ አልክድም። የሶፍትዌር ፍተሻ እውነተኛ ሙያ ነው። የማልወደው አብሮት የሚሸጠውን ነገር ነው። «ሬዝሜሽን እኛ እናስተካክልልሻለን» ይሉና ያልሠራሽበትን የአምስት ዓመት ልምድ ይጽፉልሻል። ኢንተርቪው ላይ ይጋለጣል፣ ባይጋለጥ ባክግራውንድ ቼክ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ክሊራንስ ከፈለግሽ ደግሞ ቅጹ ላይ የሥራ ታሪክሽን በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ። እዚያ ላይ መዋሸት በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል። ኮርሱን ውሰጂ ካልሽ ውሰጂ፣ ሬዝሜሽን ግን ለማንም አትስጪ።

«ሥራ የለውም» ለተባለው፣ በኤምአይኤስ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ ጥቂት ስለሆነ ነው ሰው እንዲያ የሚለው። ሥራው የሚፈለገው በሌላ ስም ነው። ቢዝነስ ሲስተምስ አናሊስት፣ ዳታ አናሊስት፣ ኢአርፒ (የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) አናሊስት፣ ኢንቬንቶሪ ሲስተምስ፣ ሪፖርቲንግ። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2023 የኮምፒውተር ሲስተምስ አናሊስቶችን የመሐል ደመወዝ በዓመት 103,800 ዶላር ብሎ መዝግቧል። ቁጥሩ ያጓጓል፣ ግን ለአሥርና ለሃያ ዓመት የሠሩትም አሉበት፣ የጀማሪ ደመወዝ አይደለም። ያው ቢሮ ለዚህ ሥራ በተለምዶ የሚጠየቀው ባችለር ነው ይላል። በአሶሼት ብቻ የሚገኘው በአብዛኛው ሄልፕ ዴስክና የአይቲ ድጋፍ ሥራ ነው። እሱም ከማታ ዌርሃውስ ሊሻል ይችላል፣ ዝቅ አላደርገውም። እስከ ባችለር ሂጂ የምልሽ ግን ለዚህ ነው።

ፍጥነት ላይ አትንቀዥቀዢ። ማታ እየሠራሽ፣ ልጅ ይዘሽ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሁለት ኮርስ ይበቃሻል። ከያዝሽው በኋላ ወደ 9 ክሬዲት ከፍ በይ፣ በጋ ላይ አንድ ጨምሪ። እንዲህ ሲሆን በዓመት 21 ክሬዲት ነው፣ አሶሼቱ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሒሳብንና የመጀመሪያውን ፕሮግራሚንግ ኦንላይን አትውሰጂ። ሌላውን እንደተመቸሽ። ፕሮግራሚንግ ላይ ሰው የሚወድቀው ስለከበደው ብቻ አይደለም፣ አንድ ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ አስቸግሮት ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲታገል ተስፋ ስለሚቆርጥ ነው። ክፍል ውስጥ ያ ችግር በደቂቃ ይፈታል።

ያለሽበትን ሥራም አትናቂው። ኤችአር ጋ ሂጂና የትምህርት ድጋፍ እንዳለ ጠይቂ። አሠሪዎች ለሠራተኛ ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነፃ መክፈል ይችላሉ። እንደ አማዞን ያሉት ለሰዓት ሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም አላቸው። ብዙ ሰው ዓመታት ሠርቶ አንድ ቀን እንኳ አይጠይቅም። ሌላው ደግሞ ኢንቬንቶሪ ኮንትሮል ክፍል ውስጥ ቦታ ሲከፈት አመልክቺ። ደመወዙ ብዙም ላይጨምር ይችላል። ግን ቅድም ያልነውን የ14ና የ11 ጉዳይ ቀን ከሌት የሚያዩት እነሱ ናቸው። ሬዝሜሽ ላይ «ስካነር ተጠቅሜአለሁ» ከማለት «የቆጠራ ልዩነት መንስኤ አጣርቻለሁ» ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ደግሞም እውነት ይሆናል።

ላፕቶፕ። ዊንዶውስ ግዢ። ማክ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን ማይክሮሶፍት አክሰስ ማክ ላይ የለም፣ የኤክሴል ፓወር ፒቮትም የለም፣ ሁለቱም በኮርሶቹ ውስጥ ሊያጋጥሙሽ ይችላሉ። ክሮምቡክማ ጨርሶ አይሆንም። ሜሞሪው 16 ጊጋባይት ይሁን፣ ሌላው ላይ አትጨነቂ። የታደሰ አሮጌ የቢሮ ላፕቶፕም ይበቃል። ኦፊስ ግን ገንዘብ ከፍለሽ አትግዢ፣ አብዛኞቹ ኮሌጆች ለተማሪ በነፃ ይሰጣሉ። ላፕቶፕ የሚያውሱም ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳትደውዪ ካርድሽን አታውጪ።